ስልኬን የዘጋሁ ዕለት

ሰው ሲያረጅ የሚያናድደው ነገር ይበዛል ይላሉ። እኔን ግን የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው፤ ፊልም ቤት ውስጥ ስልክ የሚያወራ ሰው። ሐኪሙ ደም ግፊት አለብህ፣ አትቆጣ ብሎ ከመከረኝ ወዲህ እንኳ ይህን ቁጣ መተው አልቻልኩም። ሌላውን ሁሉ ተውኩለት፤ ጨውን ተውኩ፣ ጮማ ተውኩ። ይህኛውን ግን እንዴት ልተወው?

ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው፤ የማረጀውም እዚሁ ልብስ እየሰፋሁ ነው። የእኛን ከተማ ከቀትር በኋላ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቆርቆሮው በሙቀት ይንጣጣል፣ ውሻው ቦይ ውስጥ ይተኛል፣ የባጃጅ ሾፌር እንኳ ከጥላው ላለመውጣት ደንበኛ ሲጠራው አልሰማሁም ይላል። በዚያ ሰዓት የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አለብሳትና ፊልም ቤት እገባለሁ። ፊልም ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ነው። መስኮቶቹ በጥቁር ላስቲክ ተሸፍነዋል፤ ፊት ለፊት ነጭ ሸራ ተወጥሯል፤ ከጣራው ከተንጠለጠሉት ሁለት ማራገቢያዎች አንደኛው ይሠራል፣ ሌላኛው ሲሠራ ያየዋል። አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ የአማርኛ ፊልም አያለሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ሰው መሀል ተቀምጬ ዝም የምልበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነበር።

ታዲያ ይህን ዝምታ ስልክ ወሰደብኝ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ነበር፤ ኋላ ሁሉም ሆነ። የሽንኩርት ነጋዴው አለ፤ ፊልሙ ውስጥ ሰው ሊሞት እያጣጣረ እሱ «ጫነው! ጫነው አልኩህ! መኪናው ማሳው ላይ ቆሟል!» ይላል። ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር ሽንኩርቱ ቶሎ የሚጫን ይመስለዋል። ወጣቶቹ አሉ፤ ፊልም ሊያዩ ከፍለው ገብተው አንገታቸውን ደፍተው በስልካቸው ሌላ ፊልም ያያሉ። አንዲት አሮጊት አሉ፤ የስልካቸው ጥሪ መንዙማ ነው። ሲጠራ አያነሱትም፣ አይዘጉትምም። አንድ ቀን «እማማ፣ ኧረ ይዝጉት» ብላቸው «የነቢ ውዳሴ ከመሀል ይቆረጣል እንዴ? ወንጀል ነው!» ብለው እስከ መጨረሻው አስደመጡን።

ከሁሉም የከፋው ግን ላውድ ላይ አድርጎ የሚያወራው ነው። እሱ የራሱን ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደወለለትንም ሰው ጉዳይ ያካፍለናል። ማን ሚስቱን እንደፈታ፣ ማን ከማን ጋር እንደተካሰሰ፣ የማን ልጅ ፈተና እንደወደቀ፤ ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን የማናውቀውን ሰው ጓዳ እንሰማለን።

እኔም እነሳለሁ። «ዝጋው!» እላለሁ። «ሰው እዚህ የመጣው ያንተን ገበያ ሊሰማ ነው? ዝጋው!» ልጆቹ ይስቃሉ። ከጊዜ በኋላ ቁጣዬ ራሱ ከፊልሙ ጋር የሚታይ ትርዒት ሆነ። ስልክ በጠራ ቁጥር ሁሉም ወደ እኔ ይዞራል፤ ከአግዳሚዬ ብድግ ስል ምን እንደምል ለመስማት አዳራሹ ጸጥ ይላል። መንገድ ላይ ሳልፍ ሕፃናት ከኋላዬ «ዝጋው!» ብለው ይሮጣሉ። እኔ የራሴን ስልክ በሩ ላይ፣ ትኬት የሚቆርጠው ሰውዬ እያየኝ እዘጋለሁ፤ ድምፁን መቀነስ ብቻ አይደለም፣ ጨርሼ ነው የማጠፋው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስልኩን የሚያጠፋ እኔ ብቻ ነበርኩ። በዚህም እኮራ ነበር።

አሁን ስለ እህቴ ልንገራችሁ። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት እኔ ገና የወተት ጥርሴን ያልነቀልኩ ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ የፍየል ነጋዴ ነው፤ ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው ሲዞር ነው የሚኖረው። ከብዙ ዓመት ልመናና ዱዓ በኋላ አላህ አንድ ወንድ ልጅ ሰጣቸው። ልጁ የእኔም ልጅ ነበር ብል ማንም አይቃወመኝም። የመጀመሪያ ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ቁመቱ በጨመረ ቁጥር የሱሪውን እጥፋት እየፈታሁ የማረዝምለትም እኔ ነበርኩ።

ይህ ልጅ እንደ እኩዮቹ ዓረብ አገር ካልሄድኩ አለ። መከርነው፣ ለመንነው። «አጎቴ፣ እዚህ ተቀምጬ ለማን እጠቅማለሁ?» አለኝ። አንድ ጠዋት አልጋው ባዶ ሆኖ ተገኘ። በረሃውን በእግሩ አቋርጦ ከባሕሩ ዳር ሲደርስ ለእናቱ ደወለ፤ «ዛሬ እንሻገራለን፣ ዱዓ አድርጊልኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። እትዬ ባለቁልፍ ስልኳን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከደረቷ አልለየችም። ስትሰግድ ከአጠገቧ ታስቀምጣታለች፣ ስትተኛ ትራሷ ሥር ታደርጋታለች። መብራት ሲጠፋ እየሮጠች ሱቄ መጥታ «ወንድሜ፣ እስኪ እያት፣ ባትሪዋ ያልቅባት ይሆን?» ትለኛለች። እኔ የጠላሁትን ዕቃ እሷ እንደ ሕፃን ታቅፋው ነበር።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ የባሏ ወንድም ሱቄ መጣ። አልተቀመጠም። «መኪናዋን አቁማት» አለኝ። እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሳሁ። «ልጃችን አልፏል» አለ። ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ፣ ወዲያ ማዶ በረሃ ላይ፣ ታሞ፣ ውሃም ጠፍቶ። አብረውት የነበሩ የአገራችን ልጆች እዚያው ቀብረውት፣ ስልክ ወደሚሠራበት ቦታ ሲደርሱ ደውለው ተናገሩ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። እጄ ላይ የሰው ሱሪ ነበር፤ ፊቴን በእሱ ሸፈንኩ።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ብቻውን ሳለ አይነገርም። አመሻሽ ላይ አይነገርም፤ ሌሊቱን ማን ይችለዋል? ሽማግሌዎች ከሱብሒ ሶላት በኋላ ተሰብስበው ይሄዳሉ። ግራና ቀኝ የሚይዟት ሴቶች ይመደባሉ፣ ውሃ ይዘጋጃል፣ ራሷን ብትጥል የምትወድቅበት ምንጣፍ ሳይቀር ይታሰባል። የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ አንደበቱ የለሰለሰ፣ እሱም ልጅ ቀብሮ የሚያውቅ። ልጅ የሞተባት እናት ያንን የነገራትን ሰው ፊት ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውምና ደግ ፊት መሆን አለበት። እስከዚያው አገር ሁሉ ያውቃል፣ አገር ሁሉ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ዝምታ የሚችል ሕዝብ ፊልም ቤት ሲገባ ለምን እንደማይችል እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባትየው ማጀቴ ከተማ ፍየል ሊገዛ ሄዶ ነበር፤ የሚመለሰው ማታ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ላይ፣ በማግስቱ ጁምዓ ንጋት ላይ ይነገር ተባለ። መስጊዱ አጥር ሥር ተቀምጠን ስንመካከር የሰፈራችን ሼህ ክንዴን ይዘው እንዲህ አሉኝ፤ «ዛሬን ትተኛ። ይቺን አንዲት ሌሊት የልጅ እናት ሆና ትደር። ይህን ካደረጋችሁላት አላህ ዘንድ ትልቅ አጅር፣ ትልቅ ምንዳ ነው።» ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በዚህ ዓለም ላይ የምፈልገው ነገር ያቺ ሌሊት ብቻ ሆነች።

ችግሩ ቀኑን ማሳለፉ ነበር። የእትዬ ቤት አስፋልት ዳር ነው፤ የሚያልፈው ሁሉ ጎራ ብሎ ሰላም ይላታል፤ ጎረቤቶቿም እንባቸውን የማያዝዙ ሴቶች ናቸው። ደግሞ ያቺ ስልክ አለች። «አንተ ከቤት አውጣት፣ ስልኳንም በዘዴ ተቀበላት» ተባልኩ። የት ልውሰዳት? ዘመድ ቤት ብወስዳት ዘመድ ያለቅሳል። ገበያ ብወስዳት ገበያ ያወራል። ጨለማ የሆነ፣ የሰው ፊት የማይታይበት፣ ሰው ከሰው የማይነጋገርበት ቦታ ፈለግኩ። ሳሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ እኔ ነኝ፤ ፊልም ቤቱ ትዝ አለኝ።

ቤቷ ስደርስ ማሽላ እያበጠረች ነበር።

«እትዬ፣ ተነሺ፣ ፊልም ላሳይሽ» አልኳት።

«ምን ነክቶሃል? በሥራ ቀን?»

«ሙቀቱ ሊገድለኝ ነው። ብቻዬን መሄድ ደግሞ ሰለቸኝ።»

ቀና ብላ ፊቴን አየችኝ። ያሳደገችኝ ሴት ናት፤ ፊቴን ታነበዋለች። «ዐይንህ ቀልቷል» አለችኝ። «የክር ብናኝ ነው» አልኳት። ሰፌዱን አስቀመጠችና ሻሿን አስተካከለች። ባሏ ለኢድ የገዛላት፣ ዳር ዳሩ ብርቱካናማ አበባ ያለበት ሻሽ ነበር።

«ስልክሽን ወዲህ በይው» አልኳት። «ባትሪው አብጧል፤ ስልክ የሚጠግኑት ልጆች ጋ ሰጥቼ ይቀየርልሽ።»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ልጄ ቢደውልስ?»

እጄን እንደዘረጋሁ «የእኔን ቁጥር ያውቀው የለ? ካጣሽ እኔ ጋ ይደውላል» አልኳት።

«እንግዲያው ያንተን እንዳትዘጋ። አንተ ደግሞ ስትገባ መዝጋት ትወዳለህ።»

«አልዘጋም።»

አውጥታ ሰጠችኝ። ስልኳ የገላዋ ሙቀት ነበረው።

በሩ ላይ ስንደርስ የእሷንም የእኔንም ስልክ ዘጋሁ። እሷ ወደ ውስጥ እያየች ስለነበር አላየችኝም። ምን ላድርግ? ቢጠራ ልጄ ነው ብላ ከእጄ ትነጥቀኛለች፤ የሚደውለው ደግሞ በዚያን ቀን ስለ ምን እንደሚያወራ ግልጽ ነው። መዝጋቱ ትክክል መስሎኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው ሌላ ምን ማድረግ እችል እንደነበር አላውቅም፤ ይህን አለማወቄ ነው የሚበላኝ።

መሀል ላይ፣ ማራገቢያው ሥር ተቀመጥን። ፊልሙ የሠርግ ፊልም ነበር፤ አንድ ሞኝ ሙሽራ በስህተት ሌላ ሠርግ ቤት ይገባል። እትዬ መጀመሪያ ዝም ብላ አየች። ከዚያ ሙሽራው የማያውቃቸውን አማት ጉልበት ሲስም የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ልጁ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ በክርኗ እየጎሰመችኝ «እየው፣ እየው ጅሉን!» ትለኛለች። እኔ በጨለማው አለቀስኩ። ጨለማውን አመሰገንኩት። እንዲህ እየሳቀች ታምሽ፣ እየሳቀች ትተኛ፣ ያ ረቢ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም አልኩ።

ያኔ ስልክ ጠራ።

ከፊታችን የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ አየውና አነሳው፤ ላውድ ላይ አደረገው። እኔም እንደ ልማዴ ብድግ አልኩ። ስነሳ አስቤ አይደለም፤ እግሬ ራሱ ነው የተነሳው። አዳራሹ ወደ እኔ ዞረ። የሚያወራው አቆመ፣ የሚስቀው አፉን ያዘ፤ ሰውዬው ዛሬ ደግሞ ምን ሊል ነው ብለው ጸጥ አሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ እኔ አፌን ከፍቼ ቃል ሳላወጣ፣ ከስልኩ ውስጥ የሩቅ ድምፅ መጣ። ንፋስ ይሰማበት ነበር።

የእህቴን ልጅ ስም ከነአባቱ ጠራ። «ሰምተሃል አይደል? ሞተኮ። ወላሂ፣ እነሱው ቀብረውታል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማንም እንዳይሰማው እየተጠነቀቀ፣ «አደራህን ግን፣ ለማንም እንዳትናገር። እናቱ አልሰማችም። ነገ ከሱብሒ በኋላ ነው የምትረዳው። አደራ!» አለው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። እንደቆምኩ ቀረሁ። እትዬ አልጮኸችም። የሸሚዜን ጫፍ ጎተተችና በትንሽ ድምፅ «ምንድነው ያለው?» አለችኝ።

«ፊልሙ ነው እትዬ» አልኳት። «ፊልሙ ውስጥ ነው።»

«ፊልሙ የልጄን ስም በምን አውቆት?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። ጩኸቷ ከሰው የሚወጣ አይመስልም ነበር። ከአግዳሚው ላይ ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ተዘረጋች፤ ምንጣፍ የለም፣ ውሃ የለም፣ ግራና ቀኝ የሚይዛት ሴት የለም። ሻሿ ወልቆ ሽበቷ ተበተነ። ሸራው ላይ ሠርጉ ቀጥሏል፤ እልልታው ይቀልጣል። ፕሮጀክተሩን የሚያጠፋ ሰው አልተገኘም። አንስቼ ላቆማት ስታገል ብርሃን በራብን። አንዱ የስልኩን ባትሪ አበራ፣ ሌላውም አበራ፣ ከኋላም ከጎንም በራ። መንገድ ሊያሳዩን መስሎኝ «አላህ ይስጣችሁ፣ ወደ በሩ በኩል አብሩልን» አልኳቸው። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። እየቀረጿት ነበር።

«ዝጋው!» ልል ሞከርኩ። ድምፅ አልወጣኝም። ያን ያህል ዓመት በሽንኩርት ነጋዴ ላይ የጮኽኩበት ጉሮሮ በዚያች ሰዓት ከዳኝ።

ሁለት ሴቶች አግዘውኝ ወደ ውጭ አወጣናት። ፀሐዩ እንዳለ ነበር፤ የከሰዓቱ የዐስር አዛን ገና መባሉ ነው። ባጃጅ ላይ ካስቀመጥናት በኋላ ለባሏ ወንድም ልደውል ስልኬን ከፈትኩ። ዘግቼው ሳለ እንደተደወለልኝ የሚያሳውቅ መልእክት እየተከታተለ ገባ። የደወለው ሁሉ እሱው ነበር። አንድ ጽሑፍም ልኮ ነበር፤ «ወሬው የሰፈሩ ልጆች ጋ ደርሷል፣ ቶሎ ወደ ቤት አምጣት» ይላል። የላከው እኛ ገብተን ሳንጨርስ ነው። እትዬ እየሳቀች፣ በክርኗ እየጎሰመችኝ ሳለ፣ ያ መልእክት ኪሴ ውስጥ ከተዘጋ ስልክ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ግን ያልፈራሁትም ደረሰ። አባትየው ከማጀቴ በሚኒባስ እየተመለሰ ነበር። አጠገቡ የተቀመጠ ተሳፋሪ ስልኩን እያየ ከንፈሩን ይመጥጣል። «እስኪ ይዩ አባቴ፣ ሰው እንዲህ ይሆናል? ሸዋ ሮቢት ፊልም ቤት ውስጥ ነው አሉ» ብሎ አሳየው። ሴትየዋ መሬት ላይ ናት፣ ፊቷ አይታይም። አባትየው ያወቀው ሻሹን ነው። ሾፌሩን «አቁምልኝ» አለው። የማሽላ ማሳ ዳር ወርዶ ቁጭ አለ። ፍየሎቹን ከጣራው ላይ ማን እንዳወረደለት፣ እሱስ ቤቱ በምን እንደደረሰ እስከ ዛሬ አያስታውሰውም። የልጁን ሞት የሰማው ከሚስቱ ጩኸት ነው፤ እሱንም ከማያውቀው ሰው መዳፍ ላይ።

ጎረምሳው ማታውኑ ለቅሶ ቤት መጣ። ልይዘው ተነሳሁ። እግሬ ላይ ወደቀና እንደ ሕፃን አለቀሰ። የልጃችን ጓደኛ ነበር፤ አብረው ኳስ ሲጫወቱ የተቀደደ ሱሪውን ጠቅሜለት አውቃለሁ። ፊልም ቤቱ ጨለማ ስለሆነ እኛ መግባታችንን አላየም። «ጋሼ፣ ስልኬ የጆሮው አይሠራም፤ ላውድ ላይ ካላደረግኩት አይሰማኝም» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ዘረጋልኝ። አየሁት። እውነቱን ነው፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ በፕላስተር የተያዘ አሮጌ ስልክ ነበር። የደወለለትም ልጅ ክፉ አይደለም፤ አደራ ነው ያለው፣ መርዶውን የደበቀ መስሎት። ዕድሜዬን ሙሉ በባለ ስልክ ሁሉ ስቆጣ ኖሬ፣ ቁጣ በሚያስፈልገኝ ቀን የምቆጣው ሰው አጣሁ። «ተነስ ልጄ» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ሽማግሌዎቹ ጠዋት መጡ። ይምጡ አይምጡ ተብሎ ሲመከር አድሮ፣ «ወጉ አይቅርባት» ብለው ነው ሼሁ የቆረጡት። ከሱብሒ በኋላ ተሰልፈው ገቡ። የተመደቡት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት። ውሃ በጆግ ቀረበ። ምንጣፉ ተነጥፏል። ሁሉም እንደታሰበው ሆነ፣ እሷ ብቻ ሰምታለች። ባሏ አጠገቧ ሆኖ ግድግዳውን ያያል። ሼሁ ፊቷ ተቀመጡና በዚያ ለስላሳ አንደበታቸው «እህቴ፣ የሰጠው አላህ ነው፣ የወሰደውም አላህ ነው» ብለው ልጁ መሞቱን ነገሯት። ማንም አልጮኸም። እትዬ ራሷን ነቀነቀች። ድምፅዋ ጠፍቶ ስለነበር ጠጋ ብለን ነው የሰማናት።

«ሸህዬ፣ እኔ የነገረኝን ሰው ፊቱን አላውቀውም» አለች። «የአንቱ ፊት ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር።»

ሼሁ ቁርአን መቅራት ጀመሩና መሀል ላይ አቋረጡት። አንዲት ሌሊት ነበር የለመንነው። ለአንዲት እናት አንዲት ሌሊት መስጠት ያቃተው ምን ዓይነት ዘመን ነው?

ቪዲዮው አሁንም አለ። እንዲጠፋ ለምነን ነበር፤ አንዱ ሲያጠፋው ሌላው ጋ ይገኛል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። እትዬ ስልኳን መልሼ ስሰጣት አልቀበልም አለች። ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ከመርፌና ከቁልፍ ጋር ተቀምጧል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊልም ቤቱ ተመልሼ ገባሁ። ለምን እንደገባሁ አላውቅም፤ ሙቀቱ ነው ልበል። ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጥኩ። ፊልሙ እየሄደ ሳለ መሀል ላይ ስልክ ጠራ። አልተነሳሁም። ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ወደ እኔ የዞረ ማንም አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ስልኩ ነው የዞሩት። ከፊቴ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን አቀኑ፤ አንደኛዋ የጎረቤቷን እጅ ጨበጠች። የሁሉም ልጅ እዚያ ማዶ ነው፣ ወይም መንገድ ላይ ነው። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ይዞ የማን ልጅ ስም እንደሚጠራ ያዳምጣል። ዓመታት ሙሉ እየጮኽኩ የለመንኩት ጸጥታ ይኸው መጣልኝ።

«ሄሎ» አለ ባለ ስልኩ። «ሽንኩርቱ? ነገ ነው የሚጫነው።»

አዳራሹ ተነፈሰ። ከፊቴ ያለችው ሴት «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም አልኩ። ከዚያ እጄን ኪሴ ከተትኩና በሩ ላይ የዘጋሁትን ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩት። ብርሃኑ ፊቴ ላይ ቦግ አለ። ከጎኔ አንድ ወጣት በቁጣ «አባባ፣ ኧረ ዝጉት!» አለኝ።

አልዘጋሁትም። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሳየው ቆየሁ።